የመሬት መንቀጥቀጥና ታላላቅ ከተሞች

በመጨረሻው ክፍል ተማሪ የቀረበ የታሪክ ጽሑፍ

የታሪክ ትምህርት በምንማርበት ጊዜ አብዛኛውን የምናነበው ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነትና ስለ ውል ነው። ዳሩ ግን የሰውን ልጅ ኑሮ ከለወጡት ነገሮች መካከል ንጉሥ ያላዘዛቸው፣ የጦር አለቃም ያልመራቸው፣ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ተጀምረው የሚፈጸሙ አሉ። ከነዚህም አንዱ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ትምህርት ቤታችን የምሥረታውን በዓል በሚያከብርበት በዚህ መጽሔት ስለዚህ ጉዳይ ጥቂት ለመጻፍ የተነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ የቆቦና የራያ ቆላ ልጆች የምንኖርበት ሜዳ ራሱ የተሠራው በመሬት መሰንጠቅና መንቀጥቀጥ ነው፤ ከተማችንም ከቀን ወደ ቀን እየሰፋችና ቤቶቿም ወደ ላይ እያደጉ መሄዳቸውን ሁላችንም እናያለን። ስለዚህ በሌሎች ከተሞች የደረሰውን መመርመር ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ ማዳመጥ ብቻ አይሆንም።

መሬት ለምን ይንቀጠቀጣል?

የጥንት ሰዎች የመሬትን መናወጥ እጅግ ይፈሩት ስለ ነበር ዘመን ይቈጥሩበት ነበር። ነቢዩ አሞጽ የትንቢቱን ጊዜ ሲናገር፣ የመሬት መናወጥ ከመሆኑ ሁለት ዓመት በፊት እንደ ነበረ ገልጿል። የእኛም አገር ሽማግሌዎች ዘመንን በክፉ ቀን፣ በረሃብና በአንበጣ እንደሚቈጥሩ የታወቀ ነው። ብዙዎቹም የመሬት መንቀጥቀጥ የእግዚአብሔር ቁጣ ነው ይሉ ነበር። የሥነ ምድር ሊቃውንት ግን ነገሩ እንዴት እንደሚሆን መርምረው ደርሰውበታል፤ ይህንንም ማወቅ ፈሪሃ እግዚአብሔርን አያስቀርም።

ሊቃውንቱ እንደሚያስረዱት የምድር ቅርፊት አንድ ወጥ አይደለም፤ በታላላቅ ገበታዎች የተከፋፈለ ነው። ከእነዚህም ሦስቱ፣ ይኸውም የዓረብ፣ የኑብያና የሶማሌ ገበታዎች የሚለያዩት በአፋር በረሃ ላይ ነው። አንደኛው ከሌላው የሚርቀው እጅግ በዝግታ ነው፤ ፈጥኖ በሚሄድበት ስፍራ እንኳ በዓመት ከሁለት ሳንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ነገር ግን ድንጋይ ከድንጋይ ጋር ተያይዞ ስለሚቈይ ኃይሉ ለብዙ ዘመን ሲከማች ይኖራል። ደረቅ እንጨት በሁለት እጃችን ይዘን ቀስ በቀስ ብናጐብጠው ለጥቂት ጊዜ ይታገሣል፤ በመጨረሻ ግን ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ እጃችንንም ይነዝረዋል። መሬትም እንዲሁ ናት። ስብራቱ የተፈጸመበት ኃይል እንደ ማዕበል ወደ አራቱ ማዕዘን ሲሮጥ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ የምንለው እርሱን ነው። ኃይሉም በቍጥር ሲለካ፣ ከአንዱ ቍጥር ወደ ሚቀጥለው በሚወጣበት ጊዜ ሠላሳ ሁለት እጥፍ ያህል ይጨምራል።

ቆቦ ላይ ቆመን ወደ ምዕራብ ብንመለከት ከ3,000 ሜትር በላይ የሚወጣው የላስታና የወሎ ደጋ እንደ ግንብ ቆሞ እናያለን፤ ወደ ምሥራቅ ብንዞር ደግሞ የዞብል ተራሮች ይታያሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ሜዳ ግራና ቀኙ ተሰንጥቆ መካከሉ የሰመጠ መሬት ነው። እንዲህ ያሉ ሜዳዎች በደጋው ግርጌ ከራያ ጀምሮ በወሎ በኩል እስከ ቦርከና ሸለቆ ድረስ ተከታትለው ይገኛሉ። የጎሊናና የሆርማት ወንዞች ከደጋው እየጠረጉ ያመጡት ደለል ይህን ጐድጓዳ ስለ ሞላው፣ ማሽላችንና ጤፋችን የሚበቅልበት ለም አፈር ተገኘ። እንግዲህ መሬቱ የሰመጠበት ምክንያት ለእህላችን በረከት ሆኗል። ይኸው ልል አፈር ደግሞ በመንቀጥቀጥ ጊዜ ከደረቅ ዓለት ይልቅ አብዝቶ የሚወዛወዝ መሆኑን ወደ ፊት እናያለን።

በአገራችን የደረሰው

በአገራችን ስለ ደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ የምናውቀው ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን አባ ፒየር ጉዋን በደከሙት ድካም ነው። እኒህ ሰው በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ አቋቋሙ፤ ከዚያም ከዜና መዋዕሎችና ከመንገደኞች ጽሑፎች የቀድሞውን ታሪክ ለቅመው እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ አሳተሙ።

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1835 ዓ.ም. የሸዋ መናገሻ በነበረችው በአንኮበር የተራራው ወገብ ተንዶ ቤቶችን ጠርጎ ወሰደ፤ ሰዎችም አለቁ። በዚህ ጊዜ ሰውን የፈጀው መንቀጥቀጡ ብቻ ሳይሆን፣ በዝናብ የራሰው ገደል ጭምር ነበር። ከተራራ ሥር የሚኖር ሕዝብ ይህን ሊዘነጋው አይገባም።

ከዚህ በኋላ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በነሐሴ 1898 ዓ.ም. በላንጋኖ ሐይቅ አካባቢ እጅግ ብርቱ የሆነ መንቀጥቀጥ ተነሥቶ አዲስ አበባን አናወጣት፤ ሕዝቡም ተሸበረ። ሊቃውንት ኃይሉን 6.8 ያህል ይገምቱታል። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ከተቈረቈረች ሃያ ዓመት ያህል ብቻ ሆኗት ነበር፤ የሕዝቧም መኖሪያ አብዛኛው ጎጆና ድንኳን ስለ ነበር ታላቅ እልቂት አልደረሰም። በዚያው በፈረንጆች 1906 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር የአሜሪካ ከተማ ሳን ፍራንሲስኮ የደረሰባትን ስናነብ ግን ልዩነቱ ይገባናል። በዚያ የነበረው መንቀጥቀጥ ከላንጋኖው ይልቅ የበረታ ነበር፤ ነገር ግን ከተማይቱን ይበልጥ የጐዳት ከመናወጡ በኋላ የተነሣው እሳት ነው። የውሃው ቧንቧ ከመሬት በታች ተሰባብሮ ስለ ነበር እሳቱን የሚያጠፉት ውሃ አጡ፤ ከተማይቱም ሦስት ቀን ነደደች። 3,000 ያህል ሰው ሞተ።

በእኛ ዘንድ ሁሉም ሊያስታውሰው የሚገባው ግን በ1953 ዓ.ም. የደረሰው የካራ ቆሬ መንቀጥቀጥ ነው። ካራ ቆሬ የምትገኘው ከቆቦ ወደ ደቡብ በወልድያ፣ በደሴና በከሚሴ አልፎ በሚሄደው ዋና መንገድ ላይ ነው። የታኅሣሥ ግርግር ካለፈ ገና ስድስት ወር ሳይሞላው፣ በግንቦት መጨረሻ ምድሪቱ መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ ጥቂት ቀን ቈይቶም ኃይሉ 6.5 ያህል የሆነ ታላቅ መናወጥ መጣ። የማጀቴ ከተማ ፈጽማ ፈረሰች። በካራ ቆሬ ከመቶው ቤት አርባ አምስቱ ወደቀ። ወደ አሥመራ የሚወስደው ዋና መንገድ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ተሰነጣጠቀ፤ 5,000 ያህል ሰዎች ቤት አልባ ሆኑ። ነገሩ በአንድ ቀን አላበቃም፤ ክረምቱን ሙሉ መሬቱ አልፎ አልፎ ይነቀነቅ ስለ ነበር ሕዝቡ ዕረፍት አላገኘም።

ስምንት ዓመት ቈይቶ፣ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በአፋር የምትገኘው ሰርዶ ፈረሰች፤ ሰዎችም ሞቱ። በ1998 ዓ.ም. መግቢያ ደግሞ በዚያው በአፋር በዳባሁ አካባቢ የቀለጠ ድንጋይ ከመሬት በታች 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ፣ ምድሩን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ድረስ አራርቆታል። በዓመት በሳንቲ ሜትር የሚቈጠረው ጉዞ አንድ ጊዜ ሲፈታ ምን ያህል እንደሚሆን ከዚህ ይታያል።

በመጨረሻም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌና በዙሪያው ለወራት የቈየውን መንቀጥቀጥ የዛሬ አንባቢዎቻችን ሁሉ ያስታውሱታል። ከመናወጦቹ ብርቱ የነበሩት በታኅሣሥና በየካቲት ወራት ሲደርሱ ኃይላቸው ወደ 6 ተጠጋ። በዐሥር ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ከቀዬው እንዲነሣ ተደረገ። በአዲስ አበባም በኮንዶሚኒየምና በሌላ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ሰዎች በሌሊት ልጆቻቸውን አቅፈው ወደ ሜዳ ወረዱ።

አጋዲርና ማጀቴ

የካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ በደረሰበት ጊዜ አካባቢ፣ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ በዚችው በአፍሪካ ምድር ሌላ ከተማ ጠፍታ ነበር። እርሷም በሞሮኮ አገር በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ያለችው አጋዲር ናት። እ.ኤ.አ. በየካቲት 29 ቀን 1960 እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ በረመዳን ጾም ሕዝቡ በየቤቱ ሳለ መሬቱ ዐሥራ አምስት ሴኮንድ ያህል ተናወጠ። የሞተው ሰው ከ12,000 እስከ 15,000 ይገመታል፤ ይህም ከከተማይቱ ሕዝብ ሲሦ ያህል ነው። ከፍርስራሹ ብዛት የተነሣ ከተማይቱ በቀድሞ ቦታዋ ሳይሆን ወደ ደቡብ ፈቀቅ ብላ እንደ ገና ተሠራች።

አንባቢዎቻችን እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዲያስተውሉልን እንለምናለን። የአጋዲሩ መንቀጥቀጥ ኃይል 5.8 ያህል ነበር። የካራ ቆሬው 6.5 ያህል ነበረ፤ ማለት ከአጋዲሩ ዐሥር እጥፍ ያህል የሚበልጥ ኃይል ነበረው። ይሁን እንጂ በማጀቴና በካራ ቆሬ የጠፋው የሰው ነፍስ ከአጋዲሩ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ይህ ለምን ሆነ? ከሁሉ አስቀድሞ የአጋዲሩ መናወጥ የተነሣው ከከተማይቱ እግር ሥር፣ ከመሬት በታችም ብዙ ሳይርቅ ስለ ነበር ነው። ሁለተኛው ምክንያት ግን ቤቱ ነው። በአጋዲር አሮጌው ሰፈር በድንጋይና በጭቃ የተካበ ከባድ ግድግዳ ነበረው፤ አዲሱ ሰፈር ደግሞ መንቀጥቀጥ ይመጣል ተብሎ ሳይታሰብ የተሠራ ፎቅ ነበረው። ጣራው ከነወለሉ በተኛው ሰው ላይ ወረደ። በእኛ አገር ግን ሕዝቡ በየመንደሩ ተበትኖ የሚኖር ነበር፤ ቤቱም አብዛኛው ፎቅ የሌለው፣ ጣራውም ሣርና ቆርቆሮ ነበር።

እንግዲህ ከታሪክ የምናገኘው ዋና ነገር ይህ ነው፦ ሰውን የሚገድለው የመሬቱ መንቀጥቀጥ ሳይሆን፣ ሰው ለራሱ የሠራው ቤት ነው። በሜዳ ላይ ከብት የሚጠብቅ እረኛ መሬቱ ቢናወጥ ይደነግጣል እንጂ እምብዛም አይሞትም።

የሌሎች ከተሞች ምስክርነት

ይህን ቃላችንን የሚያጸኑ ምስክሮች ብዙ ናቸው። በፖርቱጋል ዋና ከተማ በሊዝበን እ.ኤ.አ. በኅዳር 1 ቀን 1755፣ በቅዱሳን ሁሉ በዓል ዕለት፣ ሕዝቡ በየቤተ ክርስቲያኑ ተሰብስቦ ሳለ ታላቅ መንቀጥቀጥ ሆነ። የድንጋዩ ጣራ ወደቀ፤ የሚበራው ሻማ እሳት አስነሣ፤ ወደ ባሕር ዳር የሸሸውንም ሕዝብ ማዕበል ወሰደው። በዐሥር ሺህ የሚቈጠር ሰው አለቀ። የኤውሮፓ ሊቃውንትም ይህ ቁጣ ነው ወይስ የተፈጥሮ ሥራ በማለት ብዙ ዘመን ተከራከሩ። በዚህ ክርክር መካከል የንጉሡ ሚኒስትር፣ በኋላ ማርኪዝ ፖምባል የተባሉት፣ ከተማይቱን ማሠራት ጀመሩ። በአዲሶቹም ቤቶች ግድግዳ ውስጥ ቋሚውና አግዳሚው እርስ በርሱ የተያያዘ የእንጨት አጥር እንዲገባ አደረጉ። ቤቱ ሲናወጥ ይወዛወዛል እንጂ አይናድም ተብሎ ታስቦ ነው። ለሙከራ በተሠራው ቤት ዙሪያ ወታደሮች መሬቱን እየረገጡ እንዲያልፉ እንደ ተደረገም ይነገራል።

እኛም ይህን ባነበብን ጊዜ ያሰብነው የአያቶቻችንን ቤት ነው። ቋሚው በደንብ ተተክሎ፣ ማገሩ በጠፍር ወይም በልጥ ተጠፍሮ፣ ወጋግራው ከምሰሶው ጋር የታሰረ ቤት ከሊዝበን ሊቃውንት አሳብ ጋር የሚመሳሰል ነገር አለው። ጭቃው ቢረግፍም እንጨቱ ተያይዞ ይቆማል። አያቶቻችን መሐንዲሶች ባይባሉም፣ ማሰር መልካም መሆኑን ያውቁ ነበር።

በጃፓን ደግሞ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1 ቀን 1923 መንቀጥቀጡ ቶኪዮንና ዮኮሃማን የመታቸው ምሳ ሊበላ በተቃረበበት ሰዓት ነበር። በየቤቱ የነደደው የምግብ ማብሰያ እሳት ከእንጨቱ ቤት ጋር ተያይዞ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ሞተ። በሜክሲኮ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1985 የደረሰው ጥፋት ሌላ ትምህርት ይሰጣል። መንቀጥቀጡ የተነሣው ከከተማይቱ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በባሕሩ ዳር ነው። ነገር ግን ከተማይቱ የተሠራችው ቀድሞ ሐይቅ በነበረ ልል አፈር ላይ ስለ ሆነ ማዕበሉ እዚያ ሲደርስ በረታ፤ ብዙ ፎቆችም ተደረመሱ። ርቀት ብቻውን መጠጊያ አይሆንም ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን የ2010ሩ ዓመት ነገሩን ግልጥ ያደርገዋል። በጥር ወር በሄይቲ 7.0 የሆነ መንቀጥቀጥ ደርሶ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ፈጀ። በሚቀጥለው ወር በቺሌ 8.8 የሆነ መንቀጥቀጥ ደረሰ፤ ይህም በኃይሉ ከሄይቲው አምስት መቶ እጥፍ ያህል ይበልጣል። የሞተው ሰው ግን 500 ያህል ነበር። ቺሌ ብዙ ጊዜ ስለ ተመታች ቤት የሚሠራበትን ሕግ አውጥታ ነበር፤ ሕጉንም ታስከብር ነበር። ሄይቲ እንዲህ ያለ ሕግ ተከብሮ የሚሠራባት አገር አልነበረችም።

የእኛ ከተሞች ነገር

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ1898 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያናወጣት መንቀጥቀጥ ያገኘው ጎጆና ድንኳን ነበር። ያው መንቀጥቀጥ ዛሬ ቢመለስ የሚያገኘው ሚሊዮኖች የሚኖሩባትን ባለ ሰማይ ጠቀስ ፎቅ ከተማ ነው። የመሬቱ ኃይል አልተለወጠም፤ የተለወጠው በላዩ የተሠራው ነው።

ስለ ቆቦና ስለ ወልድያ፣ ስለ ሮቢትና ስለ አላማጣም የምንለው ይህንኑ ነው። ከተሞቻችን የቆሙት እንደ ማጀቴ በስንጥቁ ደጋ ግርጌ ነው፤ እንደ ሜክሲኮም ከተማ ደለል በሞላው አፈር ላይ የተሠሩ አሉ። ቀድሞ በጭቃና በቆርቆሮ የሚሠራው ቤት ዛሬ በብሎኬት ይሠራል፤ በላዩም የኮንክሪት ወለል ይጣልበታል። ይህ የልማት ምልክት ስለ ሆነ ደስ ያሰኘናል። ሆኖም ብሎኬት የተደረደረው ያለ በቂ ብረት ከሆነ፣ ሲሚንቶውም ከአሸዋው ያነሰ ከሆነ፣ ቤቱ ከአያቶቻችን ጎጆ ይልቅ የሚያምር፣ በመናወጥ ጊዜ ግን ከጎጆው ይልቅ የሚያስፈራ ይሆናል። የጎጆ ጣራ ቢወድቅ ሰው ከሥሩ ተስቦ ይወጣል፤ የኮንክሪት ወለል ቢወድቅ ግን ማን ያነሣዋል?

ይልቁንም የሚያሳስበን የትምህርት ቤት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2008 በቻይና በሲችዋን ክፍለ ሀገር በደረሰው መንቀጥቀጥ ከ5,000 የሚበልጡ ተማሪዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹም የሞቱት በተደረመሱ ክፍሎቻቸው ውስጥ ነው። በመንደሩ ያለው ልጅ ሁሉ በአንድ ሰዓት በአንድ ጣራ ሥር የሚሰበሰበው በትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ ከማንኛውም ቤት ይልቅ ጠንክሮ መሠራት የሚገባው እርሱ ነው።

ምን ይደረግ?

የመሬት መንቀጥቀጥ የሚመጣበትን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ መናገር የሚችል ሊቅ እስከ ዛሬ አልተገኘም። እንዲህ ያለ ወሬ የሚነዛ ሰው ቢኖር ልናምነው አይገባም። የት የት ሊመጣ እንደሚችል ግን ይታወቃል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1995 እና በ2015 የወጡት የሕንፃ ሥራ ደንቦች መንቀጥቀጥን የሚመለከት ክፍል አላቸው፤ የስምጥ ሸለቆውን ዳርቻም ለብቻው ያስቡታል። የሚቀረው ደንቡን ከወረቀት ወደ ግድግዳ ማድረስ ነው።

ቤት የሚያሠሩ ወላጆቻችን ለቀለምና ለመስተዋት ከሚያወጡት ገንዘብ ጥቂቱን ለብረትና ለማሰሪያ እንዲያውሉ እናሳስባለን። ምሶሶው ከመሠረቱ፣ ግድግዳው ከምሶሶው፣ ጣራውም ከግድግዳው ጋር በሚገባ ይያያዝ። ገደል ሥርና የወንዝ አፋፍ ላይ ቤት መሥራት የአንኮበርን ዕጣ መጥራት ነው። የወጥ ቤት እሳት ያለ ጠባቂ አይተው። በትምህርት ቤት ደግሞ ተማሪዎች መሬቱ ሲናወጥ እየተጋፉ ወደ ደረጃ ከመሮጥ ይልቅ፣ ራሳቸውን በክንዳቸው ሸፍነው ከጠረጴዛ ሥር እንዲገቡ፣ ሲያቆምም በሥርዓት ወጥተው ከግድግዳ ርቀው እንዲቆሙ አስቀድመው ቢለማመዱ መልካም ነው። ይህ ልምምድ ገንዘብ አይጠይቅም፤ በዓመት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይበቃዋል።

በዚህ ዓመት ከትምህርት ቤታችን የምንወጣ ተማሪዎች ወደ ልዩ ልዩ ሥራ እንበተናለን። ከመካከላችን መሐንዲስ የሚሆን ይኖራል፤ ግንበኛ፣ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ፣ መምህር፣ ነጋዴም የሚሆን ይኖራል። ሁላችንም አንድ ቀን ቤት እናሠራለን። የማጀቴ ሕዝብ በ1953 ዓ.ም. ቤቱን ያጣው ማስጠንቀቂያ ሳይኖረው ነው። እኛ ግን የእርሱን ታሪክ አንብበናልና፣ አላወቅንም ለማለት አንችልም። ለሚመጡት ልጆች የምናወርሰው ቤት ከአያቶቻችን ቋሚና ማገር ያነሰ የታሰረ እንዳይሆን፣ ከዛሬ ጀምሮ እንትጋ።